የፈጠራ ክህሎት በአነስተኛ የግብርና ግብዓት ንግድ

ዘር፣ ጸረ-ተባይ፣ የመርጫ መሣሪያና የእንስሳት መኖ ለአርሶ አደሩ የሚያቀርቡ አነስተኛ ሱቆች ዋነኛ ችግር የገበያቸው ወቅታዊነት ነው። የመኸር በቆሎ ዘር ሽያጭ በዓመት ውስጥ በጥቂት ሳምንታት የተወሰነ ሲሆን፣ በወቅቱ ያልተሸጠ ዘር የነጋዴውን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አስሮ ይከርማል። በዘርፉ የፈጠራ ክህሎት የሚባለውም በአብዛኛው የታወቀን ምርት ለአርሶ አደሩ ይዞታ፣ አቅምና የሥራ ወቅት በሚስማማ መንገድ ማቅረብ መቻል ነው።

በኢትዮጵያ የማዳበሪያ ንግድ ለግል ባለሀብቶች የተከፈተው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ገደማ 67 የግል ጅምላ ነጋዴዎችና 2 ሺህ 300 ያህል ቸርቻሪዎች በሥራው ተሰማርተው እንደነበር በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። የማዳበሪያ ብድር በክልል መንግሥታት ዋስትና መሰጠቱና ከክልሎች ጋር ትስስር ያላቸው ኩባንያዎች ወደ ገበያው መግባታቸውን ተከትሎ ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሥራው ወጥተዋል። ስርጭቱም ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች በመሸጋገሩ፣ የግል ሱቆች ሥራ በዘር፣ በጸረ-ተባይና በመሣሪያ ላይ ያመዘነ ሆኗል። በአንጻሩ በኬንያ ገበያው ነፃ ከሆነ በኋላ የቸርቻሪዎች ቁጥር በመጨመሩ፣ አርሶ አደሩ ማዳበሪያ ለመግዛት የሚጓዘው አማካይ ርቀት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ከነበረበት ከ4 ኪሎ ሜትር በታች ወርዷል።

የእሽግ መጠን ክህሎቱ ከሚፈተንባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። ለአንድ ሄክታር የሚመከረው የዲቃላ በቆሎ ዘር 25 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የተለመደው እሽግ 12 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም በመሆኑ ለግማሽ ሄክታር የተዘጋጀ ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ያህል ብቻ ለበቆሎ የሚመድብ አርሶ አደር ግን የሚያስፈልገው የእሽጉ ግማሽ ነው። ነጋዴው ከረጢቱን ፈትቶ በኪሎ ቢሸጥ የጥራት ማረጋገጫ መለያው ዋጋ ያጣል። አዋጪው መንገድ ሁለት ገዢዎችን አንድ እሽግ በጋራ እንዲገዙ ማገናኘት ወይም አነስተኛ እሽግ ከአምራቹ አስቀድሞ ማዘዝ ነው። ጸረ-ተባይን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ እየቀነሱ መሸጥ ደግሞ ጭራሽ ፈጠራ ሊባል አይገባም፤ መለያ የሌለው ኬሚካል ሕፃናትን ለሞት ያጋልጣል፤ መጠኑንም ለማወቅ አያስችልም።

የወቅታዊነቱን ችግር ለማቃለል ከሚረዱት ምርቶች መካከል ለእህል ማከማቻ የሚውለው ባለሦስት ንጣፍ ከረጢት ይጠቀሳል። ቴክኖሎጂው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አማካይነት በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ ማቆያ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮችና የውጪው ማዳበሪያ መሰል ጆንያ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይታሠራሉ። አየር ስለማይገባ በውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ጨርሶ ያለ ኬሚካል ይሞታል። እህሉ በሚገባ ካልደረቀ ወይም ፕላስቲኩ ከተበሳ ግን ጥቅሙ ይቀራል።

ከረጢቱ ከተራ ጆንያ በዋጋ እጅጉን ስለሚበልጥ በቃል ማብራሪያ ብቻ ገዢ አያገኝም። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ውጤት የታየበት ዘዴ ከረጢቱን በአርሶ አደሮች ፊት ሞልቶ ማሠር፣ ከወራት በኋላም በእነዚያው ሰዎች ፊት መክፈት ነው። ለሱቁ ትልቁ ጥቅም ከረጢቱ የሚፈለገው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማለትም የዘር ገበያ በሌለበት ወቅት መሆኑ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች የተጀመረው የቀጥታ ዘር ግብይትም ለእነዚህ ሱቆች በር ከፍቷል። ቀደም ሲል የዘር ፍላጎት ከየቀበሌው ተሰብስቦ በወረዳና በዞን በኩል ወደ ክልል ይተላለፍ ነበር። በአዲሱ አሠራር አምራቹ ራሱ ወይም ወኪሉ በቀጥታ ለአርሶ አደሩ ይሸጣል፤ የተሳሳተ ግምትም ኪሳራው በአብዛኛው በእነርሱ ላይ ያርፋል። በመሆኑም የየዓመቱን ሽያጭ በዝርያ፣ በቀበሌና በሳምንት ለይቶ የሚመዘግብ ወኪል ቀጣዩን ትዕዛዝ በተሻለ ይገምታል። የወኪልነት ማረጋገጫው ዘሩ ወረዳ ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው ከሆነ ግን፣ መዝገቡ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን ሱቁ የዓመቱን ገበያ ያጣል።