ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ፦ የስቱድቤከር መዛግብትና የአሮጌ አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች እድሳት



የታሪክ ምንጭ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ብራና፣ የሹማምንት ደብዳቤ ወይም የመንግሥት መዝገብ ነው። ዛሬ የማነሣው ምንጭ የመኪና ፋብሪካ ወረቀት ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ አምራቹ ከ60 ዓመት ገደማ በፊት ሥራውን ያቆመበትን አሜሪካ ሠራሽ መኪና ወደ ጥንት ይዞታው ለመመለስ የሚሻ ሰው፣ መለዋወጫውንና መረጃውን ከየት ያገኛል? መልሱን በአንድ ኩባንያ፣ በስቱድቤከር ታሪክ በኩል እንፈልጋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቱድቤከር በ1852 በኢንዲያና ግዛት፣ በሳውዝ ቤንድ ከተማ፣ ሄንሪና ክሌመንት በተባሉ ወንድማማቾች የተቋቋመ የአንጥረኛ ቤት ነበር። በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ስም ካተረፈ በኋላ በ1902 የኤሌክትሪክ፣ በ1904 ደግሞ የቤንዚን መኪና ለገበያ አቀረበ። በ1954 ከዲትሮይቱ ፓካርድ ጋር ተዋሐደ፤ ውሕደቱ ግን ሁለቱንም አላዳነም። ፓካርድ የሚል ስም የያዘ መኪና ከ1958 በኋላ አልተሠራም። የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካ በዲሴምበር 1963 መኪና ማምረቱን አቆመ፤ በካናዳ፣ በሃሚልተን ከተማ የቀጠለውም ሥራ በማርች 1966 አበቃ።

ፋብሪካ ሲዘጋ ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ለእሳት ወይም ለቆሻሻ መጣያ ይዳረጋል። የስቱድቤከር ወረቀት ግን ከዚህ ዕጣ አመለጠ። ኩባንያው ያከማቻቸውን ተሽከርካሪዎችና መዛግብት በ1966 ለሳውዝ ቤንድ ከተማ ሰጠ፤ ዛሬም በዚያው ከተማ በሚገኘው የስቱድቤከር ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ።

ከእነዚህ መዛግብት ውስጥ ለአዳሹ ቀዳሚው የምርት ትእዛዝ የሚባለው ወረቀት ነው። ባለንብረቱ በመኪናው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ተከታታይ ቁጥሩን አንብቦ ለሙዚየሙ ቢልክ፣ የዚያችን አንዲት መኪና ወረቀት ቅጂ ያገኛል። ወረቀቱ የቀለሙን ዓይነት፣ የወንበሩን ልብስ፣ የሞተሩን ቁጥር፣ የዲፈረንሻሉን ምጣኔ፣ በተጨማሪነት የታዘዙትን ዕቃዎችና መኪናው የተላከበትን ሻጭ ይነግረዋል። ዛሬ ቀይ ሆና የምትታይ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ አመድማ እንደነበረች የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የመለዋወጫ ካታሎግ ነው። ስቱድቤከር የሻሲውንና የቦዲውን ዕቃዎች ለየብቻ በካታሎግ ያወጣ ነበር። ካታሎጉ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው በአሮጌ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት የቀረ ዕቃ ሲያገኝ የሚፈልገው እሱ መሆኑን ያውቃል። በፔንስልቬንያ፣ በኸርሺ ከተማ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ በመጸው የሚካሄደው ታላቅ የአሮጌ መኪና ገበያ የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ዕቃው በስቱድቤከር ስም ካልተገኘስ? እዚህ ላይ የኢንዱስትሪውን አደረጃጀት ማወቅ ይጠቅማል። አንድ አምራች ሁሉንም ነገር ራሱ አይሠራም። የስቱድቤከር አውቶማቲክ ካምቢዮ የቦርግ ዋርነር፣ የኋላው ዲፈረንሻል የዳና፣ ካርቡራተሩም እንደየሞዴሉ የካርተር ወይም የስትሮምበርግ ሥራ ነበር። እነዚህ አቅራቢዎች ለሌሎች ኩባንያዎችም ስለሚሸጡ፣ ተመሳሳዩ ዕቃ በሌላ መኪና ሆድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የትኛው ዕቃ በየትኛው ምትክ እንደሚገባ የሚዘረዝረውና ከ1934 ጀምሮ የታተመው የሆላንደር መመሪያም በመጀመሪያ የተዘጋጀው ፍርስራሽ መኪና ለሚሸጡ ነጋዴዎች ነበር።

ወረቀቱን እንዳለ መቀበል ግን ያሳስታል። የ1965 ስቱድቤከር ያለው ሰው ለሞተሩ ዕቃ የሳውዝ ቤንድን የቆየ ካታሎግ ይዞ ቢወጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሳውዝ ቤንድ የሞተር ሥራ በመቆሙ፣ የ1965 እና የ1966 ሞዴሎች ሞተር የመጣው የጄኔራል ሞተርስ አካል ከነበረው የካናዳው ማኪነን ኢንዱስትሪስ ነው፤ ንድፉም የሸቭሮሌ ነው። ካታሎግ የታቀደውን ይናገራል፤ በዓመቱ መካከል የተደረገውን ለውጥ የሚያሳየው ለሻጮች የተላከው የአገልግሎት ማስታወቂያ ነው። የምርት ትእዛዙ አንዲት መኪና ምን ሆና እንደወጣች ይመሰክራል። መኪናዋ ራሷ ደግሞ ከዚያ በኋላ የነኳትን እጆች ሁሉ ትመሰክራለች። ምስክሮቹ ሲጋጩ ጥሩ አዳሽ አንዱን አይጥልም፤ ለምን እንደተለያዩ ይጠይቃል። እኔም በክፍል ውስጥ የምንጭ ሂስ ብዬ የማስተምረው ይህንኑ ነው።

ይህን ታሪክ ሳጠና ዘወትር የሚረብሸኝ አንድ ጉዳይ አለ። የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካ ሲዘጋ የሠራተኞቹ የጡረታ ገንዘብ የተገባውን ቃል ሁሉ ለመክፈል አልበቃም። በጡረታ ላይ የነበሩና 60 ዓመት የሞላቸው ሙሉ ክፍያ ተጠበቀላቸው። ከ40 እስከ 59 ዓመት የነበሩ 4,000 ያህል ባለመብቶች ከሚገባቸው 15 በመቶ ያህሉን ብቻ አገኙ፤ ከእነዚህ በታች የነበሩት ምንም አላገኙም። ጉዳዩ አሜሪካ በ1974 የሠራተኞችን ጡረታ የሚጠብቅ ሕግ እንድታወጣ ከገፋፉት ክስተቶች አንዱ ሆነ። እንግዲህ በ1963 የተሠራች አንዲት መኪና ምን ዓይነት የወንበር ልብስ እንደነበራት ዛሬ ጠይቀን መልስ እናገኛለን። ያንን ልብስ የሰፋው ሰው ግን በምርት ትእዛዙ ላይ ስሙ የለም። ወረቀቱ የተዘጋጀው ለሽያጭና ለማምረት ነው፤ የጠበቀውም ለዚያ ያስፈለገውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምተወው የቤት ሥራ ሁለት ነው። አንድ ፋብሪካ ወይም ጋራዥ ሊዘጋ ነው ሲባል ስትሰሙ፣ ወረቀቱ የት እንደሚሄድ ፈጥናችሁ ጠይቁ፤ ካታሎጉ፣ ንድፉና የሥራ መዝገቡ ከተጣለ በኋላ የሚጠገነው ነገር እየጠበበ ይሄዳል። በዚያው ቀን ደግሞ ረጅም ዘመን የሠራውን ባለሙያ ፈልጋችሁ አነጋግሩት። መኪናን ለማደስ መዝገቡ ይበቃ ይሆናል፤ የሠሩትን ሰዎች ታሪክ ለመጻፍ ግን የባለሙያው ቃል ያስፈልገናል፤ እሱንም ማግኘት የምንችለው በሕይወት ሳለ ነው።