ዲዋሊ በቤልግሬቭ ሮድ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1972 በካምፓላ ይታተም በነበረው ኡጋንዳ አርገስ ጋዜጣ ላይ የእንግሊዟ የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ማስታወቂያ አወጣ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሕክምናውም ሞልቷልና ለራሳችሁና ለቤተሰባችሁ ስትሉ ወደ ሌስተር አትምጡ የሚል ነው። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን ከዚያ በፊት በነበረው ወር የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገሪቱን ለቅቀው እንዲወጡ አዝዞ ነበር። ወደ ብሪታንያ ከገቡት 28,000 ገደማ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ማስታወቂያውን ከቁብ ሳይቆጥሩ እዚህችው ከተማ መጡ። አንዳንዶቹ የሌስተርን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከዚያው ማስታወቂያ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል።

«አትምጡ» ያለው ምክር ቤት ዛሬ በየዓመቱ ቤልግሬቭ ሮድን ለመኪና ዘግቶ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በመብራት አስጊጦ፣ የሂንዱዎች የመብራት በዓል ለሆነው ለዲዋሊ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያስተናግዳል። እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ እዚሁ ሰፈር የምኖር ሰው ነኝ። በዓሉ የእኔ አይደለም፤ የጎረቤቶቼ ነው። ሆኖም በቅርብ እያየሁት ከርሜ አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ዲዋሊን በዚህች ከተማ ያቆመው ቤተ መቅደሱም ምክር ቤቱም አይደለም፤ ከሁለቱም በፊት ያቆመው ሱቁ ነው።

ከኡጋንዳ የመጡት ሰዎች ዘመድ አልባ ከተማ አልገቡም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኬንያ የመጡ ወገኖች ነበሯቸው። የካልሲና የሹራብ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር፤ ከቤልግሬቭ ሮድ ጀርባ በግድግዳ የተያያዙት የጡብ ቤቶችም ርካሽ ነበሩ። ኑሮው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በካምፓላና በጂንጃ ባለሱቅና ባለፋብሪካ የነበረ ሰው ይዞ እንዲወጣ የተፈቀደለት ገንዘብ ከ50 ፓውንድ ብዙም አይበልጥምና፣ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ማሽን ሥር ቆመ። በ1974 በኢምፔሪያል የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ የእስያ ተወላጆቹ ሠራተኞች አድልዎ ተፈጸመብን ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ የገዛ ሠራተኛ ማኅበራቸው እንኳ አልቆመላቸውም። ናሽናል ፍሮንት የተባለው ስደተኛ ጠል ፓርቲም በከተማዋ ጎዳናዎች ሰልፍ ይወጣ ነበር።

በዚያ ዘመን ዲዋሊ መጋረጃ ተዘግቶ በየቤቱ የሚከበር በዓል ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ባ» የሚላቸው፣ እኛ እማማ እንደምንለው፣ ከጂንጃ የመጡ ጎረቤት አሉኝ። ስዋሂሊያቸው ከእንግሊዝኛቸው ይቀላል። ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ስጠይቃቸው ስለ ጸሎት አላወሩኝም።

«መብራት ማብራቱ ምን አለው፣ ልጄ? ያስቸገረን የሚበላው ነው» አሉኝ።

የሽምብራ ዱቄት ፍለጋ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ የሄደ ነበር። ወተቱን ጥዶ እስኪረጋ የሚጠብቅ ጊዜ ያለው ሰው ስላልነበረ፣ ጣፋጩ በዱቄት ወተት ይሠራ ጀመር። ቅቤውን እሳቸው ራሳቸው ያነጥሩ ነበር። ከዚያ አንዱ ከፋብሪካ ደመወዙ ቆጥቦ እንግሊዛዊው ባለቤት የተወውን ባዶ ሱቅ ገዛ፤ ሌላው ተከተለው። ቅመማ ቅመም፣ ሳሪ፣ ጣፋጭ፣ ወርቅ እያለ መንገዱ ሞላ። ዛሬ ሰዉ «ጎልደን ማይል» የሚለው ያ መንገድ ነው።

ይህ ለምን ለዲዋሊ ወሳኝ እንደ ሆነ የሚገባው በዓሉን ቀን በቀን ላየ ሰው ነው። ዲዋሊ የአንድ ሌሊት በዓል አይደለም። ጨረቃ በምትጠፋበት ሌሊት ዙሪያ፣ በኦክቶበር አጋማሽና በኖቬምበር አጋማሽ መካከል ለአምስት ቀናት ያህል ይዘልቃል። በመጀመሪያው ቀን፣ በዳንቴራስ፣ ወርቅ ወይም ብር ይገዛል፤ አቅሙ ያልፈቀደለት አዲስ የወጥ ቤት ዕቃ ይዞ ይገባል። በዚያ ቀን የወርቅ ቤቶቹ ሰልፍ በእግረኛ መንገዱ ላይ ይጠማዘዛል። በዋናው ሌሊት የሀብትና የበረከት አምላክ ለሆነችው ለላክሽሚ በሩ ይከፈታል፣ ቤቱ ተጠርጎ መብራት ይበራላታል። በማግስቱ ለጉጃራት ሰዎች፣ ማለትም የዘር ሐረጋቸው ከዚያ የሕንድ ግዛት ለሚመዘዝ ለአብዛኞቹ ጎረቤቶቼ፣ አዲስ ዓመት ነው፤ አዲስ ልብስ ይለበሳል፣ ታላላቆች ይሳለማሉ፣ በየቤተ መቅደሱ በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ምግብ በአማልክቱ ፊት እንደ ተራራ ይደረደራል። በመጨረሻው ቀን እኅት ወንድሟን ቤቷ ጠርታ ታበላዋለች። ከእነዚህ ቀናት ሳይገዛ የሚያልፍ የለም።

የጉጃራት ሰዎች ነጋዴ ሕዝብ ስለሆኑ የሒሳብ መዝገብ የሚከፈተውም በዚሁ ሰሞን ነው። ቅመም የምገዛበት ሱቅ ባለቤት አንድ ዓመት ጋብዞኝ ቾፕዳ ፑጃን የሚባለውን ሥርዐት አይቻለሁ። ገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። መሐል ላይ ቀይ ልባስ ያለው ረጅም የሒሳብ መዝገብ አለ፤ ካጠገቡ ላፕቶፕ፣ ካጠገቡ ካርድ የሚያነበው ማሽን። ካህኑ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የአምላክን ስም፣ ቀጥሎም «ሹብ» እና «ላብ»፣ ማለትም በጎነትና ትርፍ፣ ብለው ጻፉ። ጥቂት ሩዝ በተኑ። ከዚያ ጣታቸውን ቀይ ዱቄት ነክረው መዝገቡን፣ የላፕቶፑን ክዳንና ማሽኑን በየተራ ነጠብ አደረጉ። የእንግሊዝ የግብር ዓመት የሚዘጋው ኤፕሪል 5 ስለሆነ፣ በዲዋሊ የሚከፈተው መዝገብ ለግብር ሰብሳቢው ምኑም አይደለም። ባለሱቁን ይህን ሳነሣበት ሳቀ፤ «ያኛው ለንጉሡ ነው፣ ይኼኛው ለላክሽሚ» አለኝ።

ዘመን ቆጠራቸው ቪክራም ሳምቫት ይባላል። እኛ ከፈረንጁ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስንቀር፣ እነሱ 56 ወይም 57 ዓመት ይቀድማሉ። በ2024 ዲዋሊ ማግስት 2081 ብለው ጀመሩ። ሁለት ዓመተ ምሕረት በጭንቅላቱ ይዞ መዞር ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዓሉ ወደ አደባባይ የወጣው በ1983 ነው። በቤልግሬቭ ሮድ መብራት የተሰቀለው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ የሌስተር የሂንዱ በዓላት ምክር ቤትና የከተማው አስተዳደር አብረው ያዘጋጁታል፤ መብራቱ ከዋናው ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በይፋ ይበራል። የወቅቱ መገጣጠምም ረድቷል። እንግሊዞች ኖቬምበር 5 ሌሊት እሳት አንድደው ርችት የሚተኩሱበት የራሳቸው ልማድ ስላላቸው፣ ዲዋሊ ሲደርስ ርችቱ ቀድሞውኑ በሱፐርማርኬት ተደርድሯል። በኋላ ሕጉም ተከተለ። በ2004 በወጣው የርችት ደንብ መሠረት፣ ልዩ ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ርችት መሸጥ ከሚችልባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ የዲዋሊ ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ቀናት ናቸው። በአዘቦት ቀን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ርችት መተኮስ ክልክል ሲሆን፣ በዲዋሊ ሌሊት እስከ 7 ሰዓት ይፈቀዳል። ስደተኛ ይዞት የመጣ በዓል በአገሩ የንግድ ደንብ ውስጥ በስም ሲጻፍ፣ እንግድነቱ አበቃ ማለት ነው።

በመንገዱ ላይ የሚበላውም ታሪክ ያወራል። ከጃሌቢውና ከባርፊው ጎን «ሞጎ» ይሸጣል፤ ካሳቫ ነው፣ ተጠብሶ ሎሚና ሚጥሚጣ የሚመስል በርበሬ ተነስንሶበት። ይህ ከጉጃራት አልመጣም፤ ከካምፓላና ከናይሮቢ ነው። በሌስተር የሚከበረው ዲዋሊ የሕንድ ብቻ ሳይሆን የምሥራቅ አፍሪካም በዓል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቀዝቃዛው አገር የነጠቃቸው ነገርም አለ። በደጃፍ ላይ በባለቀለም ዱቄት የሚሣለውን ራንጎሊ ዝናቡ ስለሚያጥበው፣ ብዙዎች በጣውላ ላይ ሠርተው መስኮት ሥር ያኖሩታል። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ በሸክላ የሚነደው የቅቤ መብራት በባትሪ መብራት ተተክቷል። ባ ግን አንዷን የሸክላ መብራት አይተዉም፤ ጓሮ በር ላይ አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለንፋስ ሰጥተው ያበሯታል።

በመብራቱ ከሚታወሱት ታሪኮች ዋነኛው የንጉሥ ራማ ነው። 14 ዓመት ተሰዶ፣ ሚስቱን ሲታን የጠለፈውን ራቫናን ድል ነሥቶ ወደ አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው። የኡጋንዳው መሪ ሙሴቬኒ በበኩላቸው የተባረሩት ተመልሰው ንብረታቸውን እንዲረከቡ ጋብዘው ነበር፤ የሄደም አለ፣ ከሌስተር ግን አብዛኛው አልሄደም። ባን ለምን እንዳልሄዱ ጠየቅኋቸው።

«ራማ የሚጠብቀው ዙፋን ነበረው» አሉ፤ «እኛ ደግሞ ሰኞ ጠዋት የሚከፈት ሱቅ አለን።»

ሁሉ ነገር ሰላም ነው አልልም። የርችቱ ድምፅና በማግስቱ የሚጠረገው ቆሻሻ የሚያማርረው ነዋሪ አለ። በ2022 የበጋ ማብቂያ፣ ከሕንድና ከፓኪስታን የክሪኬት ግጥሚያ በኋላ፣ በምሥራቅ ሌስተር የሂንዱና የሙስሊም ወጣቶች ተጋጭተው ለሳምንታት ሰፈሩ ታመሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዲዋሊ ሲደርስ ይከበር ይሆን የሚል ስጋት ነበር፤ ተከበረ። ጎዳናው ላይ የሂንዱም የሙስሊምም ሱቅ አለ፤ የዲዋሊ ገበያ ለሁለቱም ገበያ ነው። ገበያ ጠብን አያጠፋም፤ ግን ነገ ጠዋት በር ከፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ያለበት ሰው ጠቡን ማሳጠር ይፈልጋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ቤልግሬቭ ሮድን ያወቅነው ለወጥ ብለን ነው። ለእኔ ትውልድ ሕንዳዊ ማለት የሒሳብ መምህር ነበር፤ እዚህ ደግሞ የአብሽ፣ የእርድ፣ የጥቁርና የነጭ አዝሙድ ነጋዴ ሆነ። ኮረሪማችን ብቻ ነው ከአገር ቤት በሰው እጅ የሚመጣው። እንቁጣጣሽን የምናከብረው በተከራየነው አዳራሽ ነው፤ ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ሣር ይነጠፋል፣ ዶሮው ከየቤቱ በድስት ይመጣል፣ ማታ አዳራሹን ጠርገን ቁልፉን እንመልሳለን። በማግስቱ በከተማው ውስጥ በዓል እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድም ምልክት አይቀርም። የኮሚቴያችን ስብሰባ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ልጆቹ የበዓሉን ትርጉም አያውቁም በሚል ሐዘን ነው።

ባለሱቁ ግን ስለ ትርጉም ጠይቆኝ አያውቅም። አዲስ ዓመታችሁ በሴፕቴምበር ነው አይደል ብሎ የጠየቀኝ ቀን፣ ቀጥሎ ያወጣው እስክሪብቶ ነው። «ሰዉ ምን ይገዛል?» አለኝ። ቡና፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ለድፎ ዳቦ የሚሆን ዱቄት፣ ፈንዲሻ አልኩት፤ ጻፈ። ቄጤማ ስለው ምን እንደሆነ አስረዝሞ ጠየቀኝና ይኼ አይገኝም ብሎ ሰረዘው። በቀጣዩ ኦገስት መጨረሻ ዕጣኑና ያልፈካው ፈንዲሻ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መደርደሪያውን አይታ እንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀረው ብላ ጠየቀችኝ። ኮሚቴው በስብሰባ ያላመጣውን ጥያቄ ያመጣው መደርደሪያው ነው። ስለዚህ በዓላችን በዚህ አገር ይዘልቃል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ፣ እኔም አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ፦ ዕቃውን የሚሸጥልን ማን ነው?