የአንኮበር ብራና ሚኒሶታ፣ አንባቢው ደብረ ብርሃን

ወዳጆቼ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ጥራት ሲወራ የሚጠየቀው ያው የለመድነው ነው፤ ስንት መጽሐፍ አለ? ስንት ወንበር? አሁን ደግሞ "ዋይፋይ አለው ወይ?" ተጨምሯል። የታሪክ መምህር አይደለሁ? እስቲ በታሪክ ልየው።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረ ጊዜ ብራናው በየደብሩ ዕቃ ቤት ነበር። ለማየት አቀበቱን መውጣት፣ አለቃውን ማስፈቀድ፣ ዕቃ ጠባቂውን ደጅ መጥናት ነው። መጽሐፉ አለ፤ ማግኘቱ ግን በሰው ፈቃድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ብራናዎቻችንን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ከየገዳሙና ከየደብሩ፣ ከኛ ከሸዋም በብዛት፣ ብራናው አዲስ አበባ እየመጣ ይነሳና ይመለሳል። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ገባ። ግን ልብ በሉ፤ ፊልም በፊልም ላይ ቢከመር ለአንባቢ ምን ይረባዋል? ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ዊልያም ማኮምበር የጀመሩትን ካታሎግ ለዓመታት ተሸክመው የገፉት የሸንኮራው ልጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው መራመድ ከተሳናቸው በኋላ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ብራናውን አንድ በአንድ እያነበቡ ምን እንደያዘ መዘገቡ። ካታሎጉ 10 ጥራዝ ደርሷል። በኔ እምነት አገልግሎት ማለት ይሄ ነው፤ በወንበር ቆጠራ ግን የትም አይገባም።

ዛሬ ከነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ናቸው፤ ተመዝግቦ በነፃ ማየት ይቻላል። ደጅ ጥናት ቀረ ማለት ነው? ለሀምቡርግ ተመራማሪ አዎ። የኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ዳታ መሙላት አለበት፣ መዝገቡ እንግሊዝኛ ነው፣ ጽሑፉ ግዕዝ። ድረ ገጹ አንድ፣ አገልግሎቱ ሁለት!

አሜሪካኖቹ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊብኳል የሚሉት መለኪያ አላቸው። አንባቢውን ሦስት ነገር ይጠይቁታል፤ ቢያንስ ምን ትጠብቃለህ፣ ምን ትመኛለህ፣ ያገኘኸውስ ምንድነው? ውጤቱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። መደርደሪያውን ሳይሆን ሰውየውን መጠየቃቸው ደስ ይለኛል።

ለኛ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዚህም የቀለለ አለ። አንድ ልጅ "ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ማን ናቸው?" ብሎ ቢገባ፣ መልሱን ይዞ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ማንስ ያግዘዋል?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ሞክሩና ጻፉልኝ።