ሣጥኑ አዲስ አበባ ሄዷል

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ሲወራ ዘፋኙ ይጠራል፤ ሸክላውን ያሳተመው ይጠራል፤ ግጥምና ዜማውን የሠራውም (ዕድል ከቀናው) ይጠራል። ድምፁን አጉልቶ አዳራሽ የሞላው ሣጥን ግን ታሪክ ጸሐፊ አልወጣለትም። ሲበላሽ የጠገነውማ ጭራሽ! በሥነ ጽሑፉም ያው ነው፤ ደራሲውን እናወሳለን እንጂ ብራናውን ማን ፋቀው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህን የሚያናግረኝ ሰኮሩ ያለው የአጎቴ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ሰሞኑን ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ልከነዋል። ከየት መጣ የሚለውን ላስቀድም።

እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ይነፉ የነበረው ናስ ነው። ናስ ሶኬት አይጠይቅም፤ ሳንባ ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ጊታሩ ብቻውን ድምፅ የለውም፤ ሣጥኑ ከሌለ ሽቦ የተወጠረበት እንጨት ነው። ሣጥኑ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ የክቡር ዘበኛውም፣ የፖሊሱም፣ የጦር ሠራዊቱም ሙዚቀኛ የሚጫወትበት መሣሪያ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የአገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ እነ ዓለማየሁ እሸቴን ማሳተም ሲጀምር ገበያው ተከፈተ፤ መሣሪያው ግን ከመንግሥት እጅ ወደ ሆቴልና ወደ ምሽት ክበብ ባለቤት እጅ ተሻገረ እንጂ ተጫዋቹ ጋ አልደረሰም።

ጅማም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው በ1936 ዓ.ም. እዚያው ነው። እንግሊዝ አገር ምሕንድስና ይማራል ተብሎ ተልኮ ሙዚቃ ይዞ ተመለሰ። (ምሕንድስናውን ቢገፋበት ኖሮ ኢትዮ ጃዝ ይቀርብን ነበር፤ ጠጋኝ ግን አናጣም ነበር ይሆናል።)

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው። በዚያው ዘመን የኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ተቋቋሙ፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው ገናና ነው። ያዘዟቸውን መፈክር መዝፈናቸው አይካድም። ነገር ግን አምፕሊፋየር የሚባለውን ነገር ከዋና ከተማ አውጥተው ለገጠር ጆሮ ያሰሙት እነሱ ናቸው፤ ይህ ውለታቸው ከመፈክሩ ጋር አብሮ መቀበሩ አግባብ አይመስለኝም።

አጎቴ ጋሼ (ሁላችንም እንዲያው ጋሼ ነው የምንላቸው) በያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር ከነዚህ ቡድኖች በአንዱ ጊታር ይመቱ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቡድናቸው ተበተነ፤ ዕቃው በጨረታ ወጣ። ሌላው ወንበርና ጠረጴዛ ሲጫረት እሳቸው ሣጥኑን ገዙ። ያኔ ኪቦርድ እየነገሠ ነበር፤ አንድ ሰው ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ትራምፔቱንም በአሥር ጣቱ ይጨርሰዋል። ማን ለአራት ሰው ይከፍላል? ጋሼ ግን ሣጥኑን ይዘው ሰኮሩ ገቡና ሠላሳ ዓመት በላይ ለሠርግ፣ ለተማሪ ምረቃ፣ አንዳንዴም ለራሳቸው አጫወቱት።

ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ የፋብሪካው ስም ተፍቋል። ትራንዚስተር የለውም። ውስጡ አምፑል የሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች ተደርድረዋል፤ ሲሞቁ ይቀላሉ። እስኪሞቁ ድረስ ድምፅ የለም፤ ጋሼ «ቡናው እስኪፈላ» ይሉታል። ትንሽ ሲያስጨንቁት ድምፁ ይሻክራል፤ እንደ ሸመገለ አዝማሪ ጉሮሮ። ያንን ሻካራ ድምፅ አዲሶቹ ዕቃዎች በብዙ ስሌት ሊያስመስሉት ይጥራሉ።

የጎዳው መብራት ነው። የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ከሰኮሩ ሩቅ አይደለም፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያመነጨው አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ምሰሶው በደጃችን ያልፋል፤ መብራቱ ግን ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲመለስ በኃይል ይመለሳል። አንድ ቀን ሲመለስ ሣጥኑ ጉርምርም አለ፤ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያ ዝም።

የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሊከፍተው ሲል ጋሼ ከለከሉት። ትክክል ናቸው። የቫልቭ ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ውስጥ የሚያጠራቅመው ኤሌክትሪክ ሦስትና አራት መቶ ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል። ይህን የሚያውቁት የድሮ ሬዲዮ ሠሪዎች ነበሩ፤ ጅማም ነበሩ። አሁን ወንበሩን የያዘው የሞባይል ጠጋኝ ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል፤ በሬው ካለ።

በቡና ጆንያ ጠቀለልነው። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ሊሰቅለው ሲል ጋሼ «የሁለት ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ፤ ወንበር ላይ ይቀመጥ» አሉ። ጊቤ በረሃን ወርዶ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፎ እንደ መንገደኛ ተቀምጦ ገባ።

በሳምንቱ ጠጋኙ ደወለልኝ። «ጋሽዬ፣ ቫልቩ ቀልጧል፣ ካፓሲተሩም ደርቋል። እንዲህ ያለ ዕቃ አገር ውስጥ አይገኝም። ሆዱን አውጥቼ አዲስ የትራንዚስተር ቦርድ ልክተትልዎት? በሁለት ቀን ይደርሳል፤ መልኩ አይለወጥም።»

ክፋት የለውም፤ ልጁ የሚያውቀውን ነው ያለኝ፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። መልኩ ይቀራል። የማይቀረው ድምፁ ነው። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ለአፍታ ዝም አሉና «ኪቦርድ ሲመጣም እንዲሁ ነበር ያሉኝ» አሉ። «እንዳይነካው በለው።»

ለካ ቫልቭ አሁንም ይሠራል፤ ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና የቀሩ ፋብሪካዎች አሉ። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ አራት ቫልቭና የሚስማማ ካፓሲተር ገዝቶልናል፤ ለጥምቀት ሲመጣ ይዞ ይገባል። በካልሲ ጠቅልሎ በእጅ ሻንጣው እንደሚይዛቸው ነግሮናል።