አማቶቻችንን ምን ብለን እንጥራ?



እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ወገኖች መካከል እኔም በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር ነበርኩ። በምዝገባው ቀን ጸሐፊዋ እናቴን በአስተርጓሚ «የባልሽ አባት ስም ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ አንገቷን ደፋች። ጥያቄው ሲደገም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወደ አባቴ ተመለከተች፤ ስሙን የተናገረው እሱ ነው። ጸሐፊዋ እናቴ የአማቷን ስም የማታውቅ መሰላት። እናቴ ግን ስሙን ታውቀዋለች፤ ጠርታው ግን አታውቅም። ያ ስም በዚያው ቀን የቤተሰብ ስም ሆኖ በተዑዳት ዜሁቷ ላይ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ በየክሊኒኩና በየባንኩ የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

ይህን ያነሳሁት አዲስ የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ሲድሩ «አማቴን ምን ብዬ ልጥራ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ቅሬታ ሲያስነሳ ስለማይ ነው። መልሱን ለማግኘት ልማዳችን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

በአገር ቤት የቤተ እስራኤል ልጅ እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ የሆነችውን አያገባም ነበር። መንደሮቻችን ትንንሾች፣ ነዋሪዎቹም ዘመዳሞች ስለነበሩ ሙሽራዋ ብዙ ጊዜ ከሩቅ መንደር ትመጣለች። የምትገባው ማንንም ወደማታውቅበት የባሏ ወላጆች ቤት ነው። እዚያ ሥራ የምታስተምራትም፣ የምትቆጣትም፣ ስትወልድ የምታርሳትም አማቷ ናት። በብዙ ቤት አማትዮዋ ለሙሽራይቱ አዲስ የፍቅር ስም ታወጣላት ነበር። ሙሽራዋም በፋንታዋ አማቶቿን በስማቸው አትጠራም፤ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «እሜቴ»፣ ልጅ ሲወለድም «የእገሌ አያት» ትላለች እንጂ። ስለዚህ አጠራሩ አክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ባዳ የነበረችው ልጅ የቤቱ ሰው የምትሆንበት መንገድም ነበር።

ቋንቋውም ይረዳ ነበር። አማርኛ «አንቱ» እና «እርስዎ» አለው። «አንቱ» የመጣው ብዙ ሰዎችን ከሚያመለክተው የግዕዝ «አንትሙ» ሲሆን፣ «እርስዎ» ደግሞ ከ«ርእስ»፣ ማለትም ከራስ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም «ንስኹም» ሲሉ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቆጥረው ያከብሩታል።

ዕብራይስጥ ግን ለትልቅም ለትንሽም ያለው «አታ» እና «አት» ብቻ ነው። እዚህ አገር የተወለደች ምራት አማቷን በስሟ ጠርታ «አት» ስትላት ንቀት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቋንቋው ሌላ ቃል ስለሌለው ነው። እኛም በአማርኛ ስንጸልይ ፈጣሪን «አንተ» እንላለን፤ ይህን ንቀት ነው የሚል የለም።

ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደሉም። የዕብራይስጡ «ሐሞት» እና የእኛ «አማት» ከአንድ ሥር ናቸው፤ በግዕዝ «ሐማት» ይባላል። በኦሪታችን ውስጥም ስለ አማት ብዙ ተጽፏል። ሙሴ አማቱ ዮቶር ሲመጣ ወጥቶ ተቀበለው፣ እጅ ነሥቶም ሳመው። ኑኃሚን ሩትን የምትጠራት «ልጄ» እያለች ነው። በሳሙኤል መጽሐፍ ደግሞ ዳዊት አማቱን ንጉሥ ሳኦልን «አባቴ» ይለዋል፤ ያውም ሳኦል ሊገድለው እያሳደደው ሳለ። ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው ሰው አማቱን ማክበር አለበት ብለው አስተማሩ። የጽፋቱ ራቢ ዮሴፍ ካሮ ባዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1565 በታተመው «ሹልሐን ዓሩክ» ውስጥም ይኸው ግዴታ ተጽፏል። ልማዳችን እንግዲህ ከአገር ቤት ብቻ ያመጣነው ሳይሆን የእስራኤል ሁሉ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከሠርጉ በፊት ጠይቁ። «ምን ብዬ ብጠራዎት ደስ ይልዎታል?» ማለት ነውር አይደለም። ወንድሜ ሲያገባ ይህን ሳንጠይቅ ቀርተን ነበር። አማርኛ የማትችለው ሚስቱ እናቴን በስሟ ጠራቻት፤ እናቴም ለወራት ዝም አለች። ልጅቱ ዝምታውን ጥላቻ አድርጋ ወሰደችው። በኋላ ተቀምጠን ስንነጋገር «ኢማ» በሚለው ተስማሙ፤ እናቴም ለእሷ የአማርኛ የፍቅር ስም አወጣችላት።

ሁለተኛ፣ አማቶቻችሁ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ሆነው «በስማችን ጥሩን» ቢሏችሁ በስማቸው ጥሯቸው። ከብዷችሁ አጠገባቸው ዝም ካላችሁ ግን ዝምታው እንደ ኩርፊያ ይቆጠራል። «እኛ ዘንድ በስም መጥራት ነውር ነው» ብላችሁ አስረዱ፤ ልጅ ሲወለድ «ሳባ» እና «ሳብታ» ማለት ይቻላል። ይህም የድሮው «የእገሌ አያት» ነው።

ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የስም ሕግ እያንዳንዱ ሰው የግልና የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ያዛል። ዛሬ የምታገባ ሴት ግን የራሷን የቤተሰብ ስም ይዛ መቆየት፣ የባሏን መውሰድ ወይም ሁለቱንም መያዝ ትችላለች። በአገር ቤት ሚስት በባሏ ስም አትጠራም ነበርና ወረቀቱ ከመሞላቱ በፊት ቤተሰቡ ይመካከርበት።

እናንተ አማቶችም ሆይ፣ አደራ! በአገር ቤት ሙሽራዋ ከሩቅ መጥታ ባዳ ነበረች፤ ዛሬ ደግሞ ቋንቋችንን የማታውቀው ምራት ባዳ ናት። ያን ጊዜ በመጀመሪያ ስም አውጥታ የምታቀርበው አማትዮዋ ነበረች። ዛሬም የመጀመሪያው ቃል ከእናንተ ይምጣ።