«ከተሜ»፦ የነዋሪ ስምና የመሬት ሥሪት በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ «አገርህ የት ነው?» ለሚል ጥያቄ የቆየው መልስ የምድር ስም ነው፤ መንዜ፣ ቡልጌ፣ ተጉለቴ፣ ይፋቴ። የደብረ ብርሃን ተወላጅ ግን «የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ» ማለት ይቀናዋል። የከተማን ሰው በጥቅሉ የሚጠራው ስም «ከተሜ» ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ልዩነቱ ከሰዋስው ይልቅ ከርስት ሥርዓት መነጨ የሚል ነው።

ከከተማ ስም የነዋሪ ስም ለማውጣት ሰዋስው እንቅፋት አለመሆኑን ማሳየት ቀላል ነው። ቡልጋ የመጨረሻ አናባቢውን ጥሎ ቡልጌ እንደሚሆን፣ ከተማም ከተሜ ይሆናል። ጥምር ስምም ይህን የ«-ኤ» ቅጥያ ይቀበላል፤ አዲስ አበባ «አዲስ አበቤ»ን አስገኝቷል።

ቁልፉ ያለው በሥርወ ቃሉ ታሪክ ላይ ነው። «ከተማ» በግእዝ ጫፍና ራስ የሚል ፍቺ አለው፤ በዜና መዋዕሎች ደግሞ የንጉሥን ሰፈር ያመለክታል። «እዚያው ከተመ» ስንል ዛሬም የሰፈራው ትርጉም አብሮን አለ። ሰፈር ደግሞ ይነሣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በደብረ ብርሃን ለዓመታት ቢከትሙም ልጃቸው በእደ ማርያም ስፍራውን ለቀዋል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረችው አንኮበርም፣ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲያቀኑ ማዕከልነቷን አጣች።

በእንዲህ ያለ ሰፈር የተሰበሰቡት ወታደሮች፣ ካህናትና የእጅ ባለሙያዎች ለአገልግሎት የመጡ ናቸው፤ ርስታቸው በየትውልድ ምድራቸው ነበር። አንኮበር የኖረ መንዜ መንዜነቱን አልጣለም፤ የርስት ጥያቄው የሚቆመው በመንዝ ባለው የዘር ሐረጉ ነውና። የ«ከተሜ» ተቃራኒ «ባላገር» መሆኑም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ባላገር በቃሉ አሠራር የአገር ባለቤት ነው፣ ከተሜ ግን በሰፈረበት ይጠራል።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጆች ይህን መሠረት ናዱት። የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ቀበሌም ሰውን «ነዋሪ» ብሎ መዘገበ፤ መመዝገቢያው የዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ አድራሻ ሆነ። ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካዎች ከየአካባቢው ሰው በሚስቡባት ደብረ ብርሃን፣ ወላጆቹ መንዜና ቡልጌ የሆኑ ልጅ ራሱን በከተማው ቢጠራ የሚያጣው ርስት የለም። «የደብረ ብርሃን ልጅ» የሚለው አጠራር የዚህ ለውጥ ምልክት ነው፤ ስም አውጪው ከርስት ወደ ትውልድ ስፍራ ተሸጋግሯል።