ኅብስት፣ ሲሳይ፣ እንጀራ

ሰው ዕለት ዕለት የሚናገረውን ቃል ትርጓሜ እምብዛም አይመረምርም፤ ከአፉ ስለማይለይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ይመስለዋልና። ከእነዚህ ቃላት አንዱ እንጀራ ነው። ይህ ቃል የገበታን ምግብ ብቻ የሚያመለክት ቢመስልም፣ ከገበታው አልፎ የሰውን ኑሮ ሁሉ የሚይዝ ሆኗል።

በግእዝ ስለ ምግብ ከሚነገሩት ቃላት ሁለቱን መለየት ይገባል። ፊተኛው ኅብስት ነው፤ ኀበዘ ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ኀበዘ ማለት ጋገረ ማለት ነው። ዛዩ ወደ ሳት ተለውጦ ኅብስት ተባለ፤ ዐረቦችም ከዚሁ ሥር ኹብዝ ይላሉ። ሁለተኛው ሲሳይ ነው፤ ሴሰየ፣ መገበ ከሚለው ይወጣልና ሰውን በሕይወት የሚያኖረውን ሁሉ ያጠቃልላል። እንግዲህ ኅብስት ከጋጋሪው ሥራ፣ ሲሳይ ከመጋቢው ቸርነት ስም አገኘ።

አማርኛ እንጀራ ሲል የሁለቱን ትርጓሜ ደርቦ ይይዛል። ፊተኛው ትርጓሜ የታወቀ ነው፤ ዱቄቱ በእርሾ ተቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎለት፣ በምጣድ የሚጋገረው ነው። ስሙም ጤፍን ብቻ አይከተልም፤ የገብስ፣ የማሽላ፣ የዳጉሳ እንጀራ ይባላልና። ሁለተኛው ትርጓሜ ኑሮ ነው። ሥራ ሽቶ ከአገሩ የወጣ ሰው እንጀራ ፍለጋ ሄደ ይባላል፤ እናት ልጅዋን ስትመርቅ እንጀራ ይውጣልህ ትላለች፤ ከሥራው የተነቀለም የእንጀራ ገመዴን ቈረጠብኝ ብሎ ይከሳል። በዚህ ሁሉ ምጣድም መሶብም የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የእንጀራ እናት የሚለው ስም ነው። ተረት ይህችን ሴት በክፋት ያነሣታል፤ ስሙ ግን ስድብ አይደለም። ያልወለደችውን ልጅ በእንጀራ የምታሳድግ ማለት ነውና ማኅፀን ያላገናኘውን ገበታ አገናኘው። ስለዚህ ልጁን እንጀራ የነሣች እንደ ሆነ የተጠራችበትን ስም በገዛ እጅዋ ታፈርሳለች።

የቃሉ ስፋት ለተርጓሚዎች ሥራን ሰጥቷል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በአባታችን ሆይ ጸሎት ግእዙ ሲሳይ ያለውን እንጀራ ብሎታል። ሰፊው ቃል የጠበበ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ዳሩ ግን እንጀራ ኑሮን ሁሉ ስለሚያሳስብ ምሥጢሩ አልጐደለም። በምሴተ ኀሙስ እራትም ግእዙ ኅብስት ያለውን ይኸው መጽሐፍ እንጀራ አለው። በዚህ ስፍራ ግን ያልተማረ ሰሚ የመሶቡን እንጀራ ሊያስብ ይችላል፤ የቍርባኑ ኅብስት ደግሞ ከስንዴ የሚጋገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ኅብስት የሚለውን ስም ለመሠዊያው ጠብቃ መኖሯ ስለዚህ ይጠቅማል።

ይህ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም ይባላል፤ ይኸውም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ሌሔም በዕብራይስጥ እንጀራ ሲሆን፣ ከዚያው ሥር የወጣው ላሕም በዐረብኛ ሥጋ ማለት ነው። ሥሩ አንድ ሳለ ሁለቱ ሕዝቦች የየራሳቸውን ምግብ ጠሩበት። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ቃል ሕዝቡ በምን እንደሚኖር ይመሰክራል።

ስለዚህ ሰባኪም ተርጓሚም ሦስቱን ቃላት በየስፍራቸው ቢጠብቅ መልካም ነው። ቈረሰና ቈረጠ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ እንጀራ የቈረሰ ግን ባልንጀራውን ያኖራል፤ የእንጀራ ገመድ የቈረጠ ደግሞ በቃሉ ትርጓሜ መሠረት የቈረጠው የሰውን ሕይወት ነው።